ማንን ልምረጥ? ለወሎ ወጣት መራጮች የዕጩዎችን አቋም ማነጻጸሪያ መንገድ

ምርጫ ሲቃረብ ሁሉም ዕጩ ስለ ወጣቱ ያወራል። "ለወጣቱ የሥራ ዕድል እንፈጥራለን" የማይል ፓርቲ እስካሁን አልገጠመኝም። ሞንታርቦ የጫነው መኪና በደሴ ፒያሳ አልፎ ወደ ሸዋ በር ሲወርድ የሚሰማው ይኸው ነው፤ ወልድያም ከሚሴም ብትሄዱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ታዲያ ሁሉም አንድ ነገር ሲናገሩ ማንን ከማን እንለያለን?

እኔ የማምንበት መንገድ ቀላል ነው። ለሁሉም ዕጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ታቀርባላችሁ፤ መልሳቸውን ጎን ለጎን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ትወስናላችሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክና ሦስት አራት ጓደኛ ነው። ጓደኞቹ ሁሉም አንድ ፓርቲ የሚደግፉ ባይሆኑ በጣም ጥሩ ነው። የሚከራከራችሁ ሰው ካለ ሥራው ይጠራል።

1. መጀመሪያ ሁለቱን ምክር ቤቶች ለዩ

በአጠቃላይ ምርጫ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ለክልል ምክር ቤት። በ2013ቱ ምርጫ አብዛኛው መራጭ ሁለት ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ሳይለይ ነው የሚመርጠው። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ዕጩው ሥልጣን የሌለውን ነገር ቃል ቢገባላችሁ በምን ታውቁበታላችሁ?

ከአማራ ክልል ለፌዴራሉ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለ። ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ያልፋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ 294 መቀመጫ አለው፤ እዚያ ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ሰው ሊመረጥ ይችላል።

ሥልጣናቸውም ይለያያል። የሠራተኛ ሕግ፣ የንግድ ሕግ፣ የወንጀል ሕግ፣ የፌዴራል ግብርና በጀት፣ ከውጭ አገር ጋር የሚደረግ ስምምነት ማጽደቅ የፌዴራሉ ምክር ቤት ሥራ ነው። የወሎ፣ የወልድያና የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲዎች በጀትም የሚያልፈው በዚያ ነው። መሬት ማስተዳደር፣ የክልል ፖሊስ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጥ ሼድ በአብዛኛው የክልሉና ከሥሩ ያሉት ዞን፣ ወረዳና ከተማ አስተዳደሮች ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለፌዴራል የሚወዳደር ዕጩ "ቀበሌያችሁ ውስጥ ሼድ አሠራለሁ" ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት። "በምክር ቤት አባልነትዎ ይህን በምን መንገድ ያስፈጽማሉ?" በሉት። ጥሩ መልስ ሊኖረው ይችላል፤ ለምሳሌ የሚመለከተውን አካል ተከታትሎ መጠየቅ። መልሱን ግን ከሱ አፍ ስሙት።

በደብተራችሁ ላይ ሁለት ክፍል ክፈቱ። አንዱ ለፌዴራል፣ አንዱ ለክልል። ዕጩዎቻችሁን ስማቸውንና የምርጫ ምልክታቸውን ጽፋችሁ በየክፍላቸው አስገቡ። የግል ዕጩ ካለም አትርሱ።

2. የእናንተን ጉዳይ ምረጡ

አምስት ጉዳይ ይበቃል። አሥር ካደረጋችሁት ትሰለቹና ትተዉታላችሁ። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀመጡና እያንዳንዱ ሰው "እኔን የሚያሳስበኝ" የሚለውን ይናገር። ሴቶቹ መናገራቸውን አረጋግጡ፤ ወንዶቹ ብቻ ካወሩ ዝርዝሩ ጎዶሎ ይሆናል። ለምሳሌ የሠራተኛ ሕጉ ለምትወልድ ሠራተኛ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ቀጣሪዋ ይህን ባያከብርላት ማን ይከታተልላታል? ይህ ጥያቄ ከወንዶቹ በኩል በቀላሉ አይመጣም።

በወሎ ወጣት ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሱትን ላንሳ።

ሥራና ደመወዝ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የብዙ ሰው ተስፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ መጣ፣ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ዛሬ ዕጩ ሁሉ ስለ ፓርኩ ማውራቱ አይቀርም። እናንተ ግን ደመወዙንም ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ በአገር ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ይህ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ ሊቀርብ የሚገባ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ግብርም እንዲሁ። ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ሕጉን ሲያሻሽል ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ የሚቆረጠው ብር እዚያ አዳራሽ ውስጥ በተነሣ እጅ የተወሰነ ነው። ፖለቲካ ከኛ ሩቅ ነው ለሚል ጓደኛችሁ ይህን ንገሩት።

ብድር። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሞ ነበር። ገንዘቡ በማይክሮ ፋይናንስ በኩል ተደራጅተው ለመጡ ወጣቶች እንዲሰጥ ነው የታሰበው፤ በኛ አካባቢ ሰው የሚያውቀው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ነው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ያልተደራጀ ወጣት ምን ይሁን? ዋስ የሌለውስ? የተበደረው በጦርነት ዕቃው የተዘረፈበትስ ዕዳው እንዴት ይታይ? እነዚህ ከ"ብድር እናመቻቻለን" የተሻሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ትምህርት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2015ዎቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያላለፈው ወጣት ብዙ ነው፤ ስለ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) እና ስለ ሙያ ሥልጠና ዕጩው ምን ያስባል? በገጠር ወሎ መጽሐፍ ሳያይ ለፈተና የሚቀመጠውን ልጅስ?

ስደት። ይህን ከሌሎቹ በላይ አጥብቄ ነው የምጽፈው፤ ወሎ ውስጥ ይህ ጉዳይ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ልጆቻችን በባቲ በኩል ወደ አፋር ይወርዳሉ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ባሕሩን ተሻግረው የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። በመንገድ የታገተ ልጅን ለማስለቀቅ በሬ የሸጠ፣ አራጣ የተበደረ ቤተሰብ አለ። ዕጩዎች ይህን ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ "ሕገወጥ ደላሎችን እንታገላለን" ብለው ያልፋሉ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው የሚነግደውንና በሕገወጥ መንገድ የሚያሻግረውን አስቀድሞ ወንጀለኛ አድርጎታል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሕጉ ባቲና ሐራ ላይ ለምን አልያዘም? በሕጋዊ መንገድ ለሚሄዱት ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚደረገው የሠራተኛ ስምምነት ውስጥ ምን እንዲገባ ትጠይቃላችሁ? ተባርሮ ባዶ እጁን ለሚመለሰው ምን የተለየ ነገር አላችሁ? ምክር ቤቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት የማጽደቅ ሥልጣን ስላለው ዕጩው "ይህ እኔን አይመለከተኝም" ሊል አይችልም።

ሰላም። ሁሉም ሰላም ይላል። አቋሙ የሚለየው ወረድ ብላችሁ ስትጠይቁ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያጸደቀው፣ በ2016ም ያራዘመው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ለዚያ ወንበር የሚወዳደር ሰው "በምን ሁኔታ ድጋፍ ይሰጣሉ? በምን ሁኔታ ይቃወማሉ? ኢንተርኔት መዝጋትንስ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ስለ ንግግርና ድርድር ያለውንም ጠይቁ፤ ከማን ጋር፣ በማን አደራዳሪነት።

የእናንተ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ላሊበላ ያለ አስጎብኚ የቱሪዝሙን መመለስ፣ ሐይቅ ያለ ልጅ የመስኖ ውሃን፣ ቆቦ ያለው ሌላ ነገር ሊያስቀድም ይችላል። የራሳችሁን ጻፉ።

3. ጥያቄውን መልስ እንዲወጣው አድርጋችሁ ጻፉት

ማነጻጸሩ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። "ለወጣቱ ምን አስባችኋል?" ብትሉ ስብከት ትሰማላችሁ። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል አንድ ነገር ይኑረው፤ ቀጥሎ "እንዴት"፣ "ከየትኛው ገንዘብ"፣ "እስከ መቼ" ይምጣ።

የሚከተለው አንድ ናሙና ነው፦ "ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ይደግፋሉ? የደመወዝ ቦርዱ ሥራ እንዲጀምር በመጀመሪያው ዓመት ምን ያደርጋሉ?"

ጥያቄው ውስጥ የራሳችሁን መልስ አትክተቱ። "ወጣቱ እየተራበ እናንተ ለምን ዝም አላችሁ?" ማለት ስሜትን ይገልጻል፣ እኔም ይገባኛል፤ ግን አቋም አያወጣም። ዕጩው ራሱን መከላከል ይጀምራል፣ እናንተም ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ለሁሉም ዕጩ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጥያቄ አንብቡ። ለምትወዱት አለስልሳችሁ፣ ለማትወዱት አክርራችሁ ከጠየቃችሁ ማነጻጸሩ ፈረሰ። አክብሮቱም እኩል ይሁን። "እርስዎ" ብላችሁ ጠይቁ፤ ዕድሜው ከእናንተ ቢያንስም። ለተወካዮች ምክር ቤት በ21 ዓመት መወዳደር ስለሚቻል እኩያችሁ ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ከሚሴና ባቲ አካባቢ ያላችሁ በኦሮምኛ ጠይቃችሁ መልሱን በተሰጠበት ቋንቋ ብትይዙት ይሻላል። ወደ አማርኛ ስትመልሱት የሚለዝብ ወይም የሚጠነክር ነገር አይጠፋም።

4. መልሱን ሰብስቡ

ከፓርቲው የምርጫ ማኒፌስቶ ጀምሩ። ረዥም ቢሆንም ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም፤ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ "ወጣት"፣ "ሥራ"፣ "ደመወዝ"፣ "ስደት" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። የፓርቲዎች የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጾች ላይ ይገኛል፤ ካጣችሁት በአካባቢያችሁ ያለውን ቢሮ ጠይቁ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚደረገውን ክርክር ተከፋፍላችሁ ተከታተሉ፤ አንዱ ሥራን፣ አንዱ ትምህርትን ይያዝ። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ካለ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ማይክ ሲሰጣችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ሦስት ከጠየቃችሁ ቀላሉን መርጦ ይመልስላችኋል።

አሁን በወንበሩ ላይ ያለ ሰው እንደገና ከተወዳደረ ሌላ የምትጠይቁት አለ፤ ያለፈው አምስት ዓመት። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሰበሰባል። አባላቱ በእረፍት ጊዜያቸው ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። መጥቶ ነበር? የት ሰበሰበ? ስለ አካባቢው ምን ጠየቀ? የትኛውን አዋጅ ደገፈ፣ የትኛውን ተቃወመ? ከአዲስ ዕጩ ይልቅ እሱን መመዘን ይቀላል፤ ተስፋ ሳይሆን ሥራ አለውና።

እያንዳንዱ መልስ አጠገብ ምንጩንና ቀኑን ጻፉ። "በሬዲዮ ክርክር"፣ "ማኒፌስቶ ገጽ እንዲህ"፣ "ሆጤ በነበረው ስብሰባ"። ቲክቶክ ላይ ያያችሁት ተቆራርጦ የተለጠፈ ቪዲዮ ከሆነ ሙሉውን እስክታገኙ ድረስ አትጻፉት። በዕጩው ስም የተከፈተ ሐሰተኛ ገጽም ይኖራል። አንድ ሰው እንዲህ አለ ተብሎ ከተነገራችሁ ያለውን ቦታና ቀን ካላወቃችሁ ወሬ ነው።

5. ጎን ለጎን አስቀምጡና ሁለት ነገር ለዩ

ደብተሩን አግድም አዙሩት። በግራ ጥያቄው፣ ከላይ የዕጩዎቹ ስም። በየሣጥኑ የሰጡትን መልስ አሳጥራችሁ በራሳቸው አነጋገር ጻፉ።

የደመወዙን ጥያቄ ለሦስት ዕጩዎች አቀረብን እንበል። ሀ "ሠራተኛው የላቡን ዋጋ ማግኘት አለበት፤ ፓርቲያችን ለወጣቱ ልዩ ትኩረት ይሰጣል" አለ። ለ "እደግፋለሁ፤ ቦርዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ እንዲጀምር እጠይቃለሁ፣ መጠኑ ግን በየዘርፉ ይለያይ" አለ። ሐ ደግሞ "አሁን አልደግፍም፤ ከጦርነት ያልተነሡ ፋብሪካዎች ይዘጋሉ ብዬ እሰጋለሁ፤ ቅድሚያ ለሠራተኛው መኖሪያና ትራንስፖርት መሆን አለበት" አለ።

ጆሮ ላይ የሚጥመው የሀ መልስ ነው፤ ጭብጨባም ያገኛል። ሣጥኑ ውስጥ ግን "አልመለሰም" ብላችሁ ነው የምትጽፉት። ምክንያቱም ነገ ድምፅ ሲሰጥ እጁን ያነሣል ወይስ አያነሣም የሚለውን ከንግግሩ ማወቅ አትችሉም። ሐ ምናልባት አበሳጭቷችሁ ይሆናል። ግን መልሷል። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ልትሞግቱት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ለየመልሱ ሁለት ምልክት ስጡ። አንዱ ለግልጽነት፦ ግልጽ፣ ከፊል፣ አልመለሰም። ሁለተኛው ለስምምነት፦ እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ አልወሰንኩም። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ግልጽነቱን በጋራ ሙሉ፤ በዚህ ላይ ደጋፊም ተቃዋሚም መስማማት ይችላል። ስምምነቱን እያንዳንዱ ለብቻው በራሱ ደብተር ይሙላ። ይህን ክፍል ማሳየት ግዴታ የለባችሁም።

ነጥብ ደምሮ "ለ 11፣ ሐ 9" ማለትን አልመክርም። አምስቱ ጉዳዮች ለእናንተ እኩል አይደሉም። ወንድሟ የመን ላይ የቀረባት ልጅ የስደቱን ጥያቄ ከሌሎቹ አራቱ በላይ ብትይዘው ልክ ናት። ይልቅ ከመሙላታችሁ በፊት ከጉዳዮቹ አንዱን "በዚህ አልደራደርም" ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

6. ዕጩውንና ፓርቲውን አስተያዩ

ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። በተግባር ግን የፓርቲ አባል አብዛኛውን ጊዜ ከፓርቲው ጋር ነው ድምፅ የሚሰጠው። ስለዚህ ዕጩ "ለ" የነገራችሁ ነገር በፓርቲው ማኒፌስቶ ውስጥ ከሌለ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ፓርቲዎ በዚህ ካልተስማማ ምን ያደርጋሉ?" መልሱ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግራችኋል። የግል ዕጩ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ብቻውን ሆኖ ሐሳቡን ለማሳለፍ ከነማን ጋር ሊሠራ አስቧል?

ገንዘቡንም እዚህ ላይ ፈትሹ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡርን አስጀምራለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን በየትኛው ዓመት በጀት፣ በምን ብድር እንደሆነ ይንገራችሁ። የፌዴራል በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ ከዚያ በፊት ያጸድቀዋል። ቁጥር ከሌለው ሣጥኑ ላይ "ገንዘቡ አልተነገረም" ብላችሁ ጻፉ።

7. ቤት ውስጥ

ወሎ ውስጥ ሰው ብቻውን አይወስንም። አባት፣ አያት፣ ሸሁ፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሐሳብ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው። ከነሱ ደብቁ አልልም፤ ሰንጠረዡን ወስዳችሁ አንብቡላቸው። ጋሼ ወይም እትዬ "የኛ ልጅ ነው፣ ዘመድ ነው" ካሏችሁ አትከራከሯቸው። "እሺ፣ ስለ ስደቱ ይህን ብሏል፤ እርስዎ ምን ይሉታል?" በሏቸው። ብዙ ዓመት ያየ ሰው እናንተ ያላያችሁትን ቀዳዳ ያሳያችኋል፤ ከዚህ በፊት ማን ምን ቃል ገብቶ እንደነበር ያስታውሳልና።

ድምፁ ግን የየራሳችሁ ነው፤ ምስጢርም ነው። ማንን እንደመረጣችሁ የመጠየቅ መብት ማንም የለውም። በገንዘብ፣ በዕርዳታ ስንዴ ወይም በሥራ ቅጥር የሚያባብላችሁ ካለ ሕገወጥ ነው።

8. ወደ ምርጫ ጣቢያው

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው የመራጭነት ካርድ ካላችሁ ነው። 18 ዓመት የሞላችሁ፣ የነዋሪነት ማስረጃችሁን ይዛችሁ ምዝገባው ሳይዘጋ ሂዱ። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፤ ከገጠር ለምትመጡት መንገዱም አስተማማኝ አይደለም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆናችሁ የምትማሩ፣ የት እንደምትመዘገቡ ምርጫ ቦርድ የሚያወጣውን መመሪያ አስቀድማችሁ እዩ።

ከምርጫው በፊት ባሉት የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ ይቆማል። ሰንጠረዡን እንደገና ለማንበብ ጥሩ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ "ሰበር" ወሬ ቢለቀቅ ዕጩው መልስ መስጠት ስለማይችል ተጠንቀቁ።

ደብተሩን ጣቢያ ይዛችሁ አትግቡ፤ እዚያ ቅስቀሳ ክልክል ነው፣ ማንም እንዲጠራጠራችሁ ምክንያት አትስጡ። የዕጩዎቻችሁን ስምና ምልክት በቃላችሁ ያዙ። ሁለቱን ወረቀቶች ስትቀበሉ የቱ የፌዴራል፣ የቱ የክልል እንደሆነ ካልገባችሁ ከመሙላታችሁ በፊት አስፈጻሚውን ጠይቁ። በፌዴራሉ ወረቀት ላይ አንድ ዕጩ ብቻ ነው ምልክት የሚደረግለት። በክልሉ ላይ ስንት መምረጥ እንደምትችሉ ይነገራችኋል፤ ከዚያ ካለፋችሁ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ስትሞሉ ከተሳሳታችሁ ሳጥኑ ውስጥ አትክተቱት፣ ለአስፈጻሚው ተናግራችሁ ሌላ ጠይቁ።